«በቃኝ» ማለት ስንት ጊዜ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ገና ጋደም ማለቴ ነበር። በዚህ ሰዓት የሚመጣ መርዶ ነው ብዬ ተስፈንጥሬ አነሣሁት። «ሰላም ወገናችን! ቤት ለመግዛት አስበዋል? ቁጥርዎን ከእድራችን ዝርዝር ላይ አግኝተን ነው» የሚል የጽሑፍ መልእክት ነው።

«እባካችሁ በቃኝ» ብዬ መለስኩ። ሰኞ ሌላ ደገሙኝ።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እዚህ ቤት ሻጩም፣ ኢንሹራንስ ሻጩም፣ ታክስ ሠሪውም ሐበሻ ገበያውን የሚያገኘው በሰው በሰው ነው። እሱ ደግ ነው። ግን ለእድር የሰጠሁትን ቁጥር የሰጠሁት ለልቅሶ ነው።

በዚሁ ቤት የመሸጥ ሥራ ላይ ያለ ወዳጄን ስለ መልሴ ጠየቅኩት። «በእንግሊዝኛ ‹ስቶፕ› ካላልክ እኮ ሲስተሙ አይሰማህም» አለኝ እየሳቀ።

የአሜሪካ ሕግ ግን አይስቅም። በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ፣ ያለ ፈቃድ በማሽን በጅምላ ለተላከ ለእያንዳንዱ መልእክት 500 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1500 ይደርሳል። ለ200 የእድር አባል አንድ አንድ መልእክት ቢላክ፣ በትንሹ ሲታሰብ 100 ሺህ ዶላር ነው። የስንት ቤት ኮሚሽን ይሆን? ሰዓትም አለው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለሽያጭ ሰው መቀስቀስ አይፈቀድም።

ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ጠበቅ ብሏል። ተቀባዩ ፈቃዱን በማንኛውም ምክንያታዊ መንገድ ማንሣት ይችላል። ላኪው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማቆም አለበት። «ስቶፕ» ከሚታወቁት ቃላት አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በአማርኛ የለመነኝ ሰው በአማርኛ እምቢ ስለው አልገባኝም ቢል ማን ያምነዋል?

ይህን ለወዳጄ ነገርኩት። መጀመሪያ ተከራከረኝ። ሒሳቡን ሳሰላለት ግን ዝም አለ። አሁን ማታ ማታ መልሶቹን በዓይኑ ያነባል። ትናንት ደወለልኝ።

«አንዲት እናት ‹ልጄ፣ እኔ ቤት አለኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ብለው ጽፈውልኛል። ይሄ እሺ ነው እምቢ?»

«እምቢ ነው» አልኩት። «ከዝርዝርህ አውጣቸው።»