በሳንቲም ላይ ስለተመታ ሳንቲም

ይህ አስተያየት፣ በአሮጌ ሳንቲም ላይ አዲስ ስለመምታት ለተጻፈና ከአንድ እንዲህ ዓይነት ሳንቲም ተነሥቶ ቁርጥ ያለ ዓመት ለሰጠ ጽሑፍ የቀረበ ነው። ጽሑፉ የጥንት ግሪኮች አሮጌ የነሐስ ሳንቲሞችን በአዲስ ማኅተም ደግመው የመቱት ነሐስ ስላጠራቸው ብቻ አስመስሎ ማቅረቡ ጉዳዩን አጥብቦታል። የተዘጋጀ ሳንቲምን በእሳት አግሎ በሁለት ማኅተሞች መካከል በመዶሻ መምታት፣ ነሐስ አቅልጦ አዲስ ጥፍጥፍ (ገና ሥዕል ያልተመታበት ክብ ነሐስ) ከማውጣት ድካም ያድናል፤ ከዚያም በላይ የቀድሞውን ባለሥልጣን ምልክት ሽሮ ለዚያው ነሐስ ሌላ ዋጋ ለመስጠት ያስችላል።

ለዚህ የሜዲትራኒያኗ ደሴት ሲሲሊ ጥሩ ማስረጃ ናት። በአንድ ፊቱ የግሪኮች አምላክ የአቴና ራስ፣ በሌላው በሁለት ዶልፊኖች መካከል ኮከብ ያለበት ከባዱ የሲራኩስ ከተማ የነሐስ ሳንቲም፣ የጦር መሪው ቲሞሊዮን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ344 ከቆሮንቶስ ከመጣ በኋላ እንደ ኬንቶሪፓይና አድራኖን ባሉ ከተሞች ዳግመኛ ተመትቷል። በኬንቶሪፓይ ሳንቲሞች ላይ ፐርሰፎኔ ከተባለችው አምላክ ራስ ወይም በሌላው ፊት ካለው ነብር ሥር የአሮጌው ሥዕል ቅሪት አንዳንዴ ብቅ ይላል (የመዶሻው መድከም ለተመራማሪው ሲሳይ ነው)።

ይህ ቅሪት የትኛው ሳንቲም እንደቀደመ ያሳያል፤ በመካከላቸው ዐሥር ዓመት ይለፍ ሃምሳ ግን አይናገርም። ስለዚህ ጸሐፊው ከአንድ ሳንቲም ብቻ ተነሥተው ቁርጥ ያለ ዓመት ከመስጠታቸው በፊት፣ አብረው ተቀብረው ከተገኙ የሳንቲም ክምችቶች ጋር ቢያመሳክሩት ይሻል ነበር።