የፊት ፍሬን ፍርሃት

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተር ብስክሌት የሚማር ሰው ማርሽና ፍሪሲዮን ለይቶ ሳያውቅ የሚሰማት አንዲት ማስጠንቀቂያ አለች፤ «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ!» ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሳቢያን አካባቢ አጎቴ ከኋላዬ ተቀምጦ ሲያስተምረኝ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንኑ ነበር። ማሠልጠኛ ገብቼ መንጃ ፈቃድ ሳወጣም የተፈተንኩት በተደረደሩ ምልክቶች መካከል እግሬን መሬት ሳላስነካ መጠማዘዝን እንጂ ድንገት መቆምን አልነበረም። ምክሯ በቅንነት እንደምትሰጥ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በደፈናው መሰጠቷ ለነጂዎቻችን አደጋ ሆኗል ብዬ አምናለሁ።

ከየት እንደመጣች መገመት አይከብድም። ከተማችን የአሸዋ ከተማ ናት። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ሲሆን፣ በላይ በደጋው ሲዘንብ ግን እዚህ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ጎርፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈውን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። ከዚያ እጅግ ያነሰውም ቢሆን ሲያልፍ አስፋልቱ ላይ ስስ አሸዋ ይተዋል፤ በዚያ ላይ እየታጠፈ ያለ ሞተር የፊት ጎማው ከተቆለፈ ደግሞ ነጂው ምን እንደነካው ሳያውቅ ይወድቃል። የኋላው ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የፊተኛው ግን የሚሄደው መሪውን ይዞ ነው።

ስለዚህ ምክሯ ለአሸዋና ለመታጠፊያ እውነት ናት። ጥፋቱ ደረቅና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይም እንደ ሕግ መወሰዷ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የነጂው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ በጥቂት ጫና ተቆልፎ ይንሸራተታል። ከማቆሚያው ጉልበት አብዛኛው የሚገኘው ከፊተኛው ነው ማለት ነው። ብዙ ሞተሮች ከኋላ በሸራ የሚሠራ ፍሬን እያላቸው ከፊት ዲስክ የሚገጠምላቸውም ለዚሁ ነው። ምናልባት አጠራራችንም ሳያሳስተን አልቀረም፤ የኋላው በእግር፣ የፊቱ በቀኝ እጅ ስለሚያዝ የፊቱን «የእጅ ፍሬን» ስንል በመኪና እንደለመድነው ከቆሙ በኋላ የሚሳብ ነገር ይመስለናል።

እኔ ይህን የተማርኩት በጉልበቴ ነው። መንዳት ከጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከለገሃር ስመለስ ከፊቴ የነበረው ባጃጅ «ወራጅ አለ!» ሲባል ባለበት ቀጥ አለ። ፍጥነቴ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር፤ ይህም በሰከንድ 14 ሜትር ያህል መሄድ ነው። የእግሩን ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት፤ ጎማው ተቆለፈ፣ ሞተሩ በጎኑ ዞረ፣ ከባጃጁ ኋላ ተላተምኩ። ቀኝ እጄ ያን ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ሞተሩን የጠገኑልኝ ሽማግሌ መካኒክ የፊቱን ዲስክ በጣታቸው ዳሰስ ቢያደርጉት ዝገት ይዞ ተነሣ። «አቦ፣ ይሄን ለጌጥ ነው ያስገጠምከው?» አሉኝ። የፊት ፍሬናቸውን ገመድ ሆን ብለው አስላልተው የሚነዱ ደንበኞች እንዳሏቸውም ያን ቀን ነገሩኝ።

ከሐረር በደንገጎ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር፣ ድሬዳዋ 1200 ሜትር ያህል ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ ሞተረኞች አያጡትም። የነዳጅ ዋጋ የት እንደደረሰ ለምናውቅ ፈተናው ይገባናል። ሆኖም ሞተሩ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ሸክሙ ሁሉ በኋላ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ሸራው እየጋለ ሲሄድም እግር ይረግጣል እንጂ ሞተር አይቆምም። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ሁለቱንም ፍሬኖች ይዞ ማብረድ፣ ሲታጠፉ መልቀቅ እንደሚገባ የነገረኝ አሠልጣኝ ግን አልነበረም። (ሄልሜት በክንድ አንጠልጥሎ መንዳትን በተመለከተ የድሬን ፀሐይ ሰበብ የምናደርግ ሰዎች ሌላ ጽሑፍ ይገባናል።)

ማሠልጠኛዎችና ፈታኞች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ በሁለቱም ፍሬኖች ቀጥ ብሎ መቆምን የፈተናው አካል ቢያደርጉ ወጪው አንድ ባዶ ሜዳና ጥቂት ጠመኔ ነው። የፊቱን መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ መጭመቅ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ማጥበቅ፤ እጅ ይህን የሚለምደው በመደጋገም እንጂ በቃል ትምህርት አይደለም። ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ በእሑድ ማለዳ እያስወጣሁ ይህንኑ አለማመድኩት። በእግር ፍሬን ብቻ ሲቆም ፍሬን መያዝ ከሚጀምርበት የመነሻ መስመር 23 እርምጃ ሄዶ ነው፤ በሁለቱም ሲቆም በ12 እርምጃ። አጎቴም ሊያይ መጥቶ ነበር። በሁለቱ የጠመኔ ምልክቶች መካከል እየቆጠረ ሄደ፣ ምንም አልተናገረም፤ ከዚያ ወደ መነሻው መስመር ተመልሶ እንደገና መቁጠር ጀመረ።