ውዳሴ ሪፖርት

ዛሬ ነገር ፍለጋ አልመጣሁም፤ ላመሰግን ነው። በየጌሙ ተሰማርታችሁ፣ ያለ ደሞዝና ያለ አበል፣ ሌላውን ተጫዋች የምትከሰውን የሪፖርት ቁልፍ እየተጫናችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጥፋተኛ ስታድኑ ለምታድሩ የሪፖርት አርበኞች ምስጋና ይድረሳችሁ። እናንተ ባትኖሩ የኔም የሰሞኑ ወንጀል ተድበስብሶ ይቀር ነበር።

ወንጀሌ መብራት መሄዱ ነው። ጨዋታው ሞቅ ባለበት ሰዓት ዋይፋዩ ድርግም አለ። ዳታ ከፍቼ እስክመለስ ስኳዳችን፣ ማለትም ቡድናችን፣ አልቋል። ጓዶቼም አንድ ሆነው ሪፖርት አድርገውኛል። ማይኬም ቻቴም ተዘግቶ ጠበቀኝ። ምክንያቱን ሳነበው «አጸያፊ ንግግር» ይላል። ልብ በሉ፤ እኔ ያኔ ጨለማ ውስጥ ሻማ እየዳበስኩ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዝም ባልኩበት ተሳድበሃል ተብዬ፣ ዝም እንድል ተፈረደብኝ።

ከእናንተ መካከል ይህ ያልደረሰበት ካለ፣ እሱ ገና ጌሙን ዳውንሎድ እያደረገ ያለ ሰው ነው።

የአርበኞቹን ትጋት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የሪፖርት ቁልፏን ስትነኳት አማራጭ ትደረድራለች፤ ስድብ፣ ማጭበርበር፣ ሆን ብሎ መሞት፣ ጨዋታ ጥሎ መውጣት። ተራ ሰው አንዱን ይመርጣል። አርበኛው ሁሉንም ይጫናል። አንዱ ባይዝ ሌላው ይይዛላ! ስለዚህ በዚያች ምሽት እኔ ጨዋታውን ጥዬ ወጥቼ፣ እዚያው ቆሜ ሆን ብዬ እየሞትኩ፣ በጎን እያጭበረበርኩ፣ በመሃል ደግሞ እሳደብ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ በአንዴ የሚችል ተጫዋች ካለ መሸለም እንጂ መቀጣት አልነበረበትም።

«ሆን ብሎ መሞት» የምትለዋን በተለይ እወዳታለሁ። ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለው ባሕር ማዶ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ስትተኩስ ጥይቱ ቪዛ ጠይቆ ነው የሚሄደው። አንተ ስክሪኑን እየደበደብክ ነው፤ ሰውዬህ ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይሞታል። ኔትወርክ ገደለው የሚል አማራጭ ስለሌለ፣ ራሱን አጠፋ ተብሎ ይመዘገባል።

ጠላቱን የሚለምነውስ? ታውቁታላችሁ። ቡድኑ እየተሸነፈ ነው። እሱ ተኩሱን አቁሞ ለተጋጣሚው መጻፍ ይጀምራል፤ «እባካችሁ የኛን ልጅ ሪፖርት አድርጉልኝ።» ይገደላል፤ ይጽፋል። ይነሳል፤ ይጽፋል። ተጋጣሚውም ርኅሩኅ ነው፤ «እሺ ወንድሜ፣ አታስብ» ይልና አናቱን ይለዋል።

ድሮ ጌም ቤት ይህ ሥልጣኔ አልነበረም። አንዷን ቲቪ ከበን፣ ጆይስቲክ እየተቀባበልን ስንጫወት ሕጉ አንድ ነበር፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ቁልፉ አልሠራ አለኝ ብትል፣ ሰው ገፋኝ ብትል፣ ከፍለህ ትነሳለህ። ኦንላይን ግን የተሸነፈ አይከፍልም፤ ያስከፍላል።

ደግሞ አንብቦ መፍረድ የሚባል ኋላቀር ነገር የተሞከረበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በሚባለው ኦንላይን ጌም ላይ የተጫዋቾች ችሎት ተከፈተ። ክስ የበዛበት ሰው የጻፈው ቻት ይወጣል፤ ሌሎች ተጫዋቾች ያነቡና «ይቀጣ» ወይም «ይለፍ» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ችሎቱ ተዘጋ። እሰይ! አሁን እኔን የዘጋኝ ዳኛ ቢያነብ ኖሮ ምን ሊያገኝ ነው? ባዶ ቻት። ስለዚህ አላነበበም፤ ስንት ሰው እንደጮኸ ቆጠረ፤ ፈረደ።

የዚህ ጥበብ ቁንጮ ግን ኦቨርዎች የሚባለው የተኩስ ጌም ሰውዬ ነው። ይህን ታሪክ ባወራው ባወራው አልጠግብም።

ኦቨርዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ «ይህን ተጫዋች አርቁልኝ» የምትል ቁልፍ ነበረችው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ከባለጌ ጋር ድጋሚ እንዳትገናኝ። በጌሙ ውስጥ ደግሞ ዊዶውሜከር የምትባል አልሞ ተኳሽ አለች። እሷን ይዘው በመጫወት በዓለም ላይ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ፣ ጨዋታ ማግኘት አቃተኝ ብሎ አቤት አለ። ሠሪዎቹ ጉዳዩን ሲያጣሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቁልፏን ተጭነውበታል። ተሳድቦ ነው? አይደለም። አጭበርብሮ ነው? አይደለም። ጨዋ ሰው ነው። ጥፋቱ ጎበዝ መሆኑ ብቻ ነው።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ጌሙን ይከፍታል። ተጋጣሚ ይፈልጋል። ሲስተሙ ዝርዝሩን ይገልጣል፤ ይሄኛው አይፈልግህም፣ ያኛውም አይፈልግህም፣ እነዚያም ተማክረው አይፈልጉህም። እኛ አገር ቢሆን አቦሉን ጠጥቶ፣ ቶናውን ደግሞ፣ በረካ ላይ ደርሶ፣ ረከቦቱ ተነስቶ፣ እሱ አሁንም ጨዋታ መጠበቂያው ሎቢ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጎረቤት ገብቶ «ዛሬ አትጫወትም እንዴ?» ይለዋል። «እየተጫወትኩ እኮ ነው» ይላል።

ከዚያ ምን ተፈጠረ መሰላችሁ? ሲስተሙ በጣም ሲቆይበት፣ እኩያ ሲያጣለት፣ በሩን ወደ ታች ከፈተ። ያንን ዓይነ ስለት ሰው ችሎታቸው ከሱ በታች ከሆነ ሰዎች መሃል ጣለው! ይህ እውነት ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። የሚቀጥለውን እኔ ልጨርሰው። እነዚያ ምስኪኖች ጥይቱ ከየት እንደመጣ ሳያዩ ወደቁ። ተነሱ፤ ወደቁ። ምን አደረጉ? እነሱም ቁልፏን ተጫኗት። ሰውየው አንድ ደረጃ ወረደ። እዚያ ያሉትም ወደቁ፤ ተጫኑ። ወረደ። እንዲህ እያለ ዛሬ የገዛ ከተጫዋች ሁሉ ጋር እስኪጋጠም፣ ከዚያም ለልምምድ የቆሙት ሮቦቶች ዘንድ እስኪደርስ። ሮቦቶቹም ጣት ቢኖራቸው ዝም አይሉትም ነበር።

ሠሪዎቹ ቁልፏን በዚያው ዓመት አነሷት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመልሷት ለቡድን አጋር ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ሰው ብቻ አደረጓት። ምቀኝነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

አሁን ደግሞ የሚያዳምጥ ማሽን መጥቷል። ኮል ኦፍ ዱቲ በሚባለው የተኩስ ጌም ላይ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጫዋቾችን ንግግር የሚሰማ ሲስተም ገብቷል። በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ ኋላ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ ተጨመረለት። ማሽኑ ይጠቁማል፤ ቅጣቱን ኩባንያው ይወስናል ተብሏል። ጥሩ። በአማርኛ የሚሳደበው ወዳጃችን ግን ማንም ጆሮ ሳይጥልበት እንደ ልቡ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። አንዲት ልጅ ማይክ ከፍታ «በግራ በኩል ሁለት ሰው አለ» ስትል የሚወርድባትን ሰምቼዋለሁ። በአማርኛ ነው፤ እዚህ የማይጻፍ ነው። በብሔር እየጠሩ መሳደብንም ሰምቻለሁ፤ ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ነው። እነዚህን ሪፖርት አድርጌ አንድም ቀን ሲዘጉ አላየሁም። ያኔ የስኳዱ አርበኞች የት ነበሩ? እዚያው ነበሩ፤ ይሰሙ ነበር፤ ይስቁ ነበር። ተሳዳቢው ጌሙ ውስጥ ብዙ ስለገደለ ዝም አሉት። ቁልፏ እኮ የተሠራችው ለዚያች ልጅ ነው። እናንተ በተሸነፋችሁ ቁጥር የምትወረውሩት የውሸት ክስ ተከምሮ የሷን ክስ ከሥሩ ቀበረው። እሷ አሁን የምትጫወተው ማይኳን አጥፍታ ነው። አታፍሩም?

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ይግባኝ ጠየቅኩ። መብራት እንደጠፋ፣ አንድ ቃል እንዳልተናገርኩ አስረድቼ ጻፍኩ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ሳላስቀምጥ መልስ መጣ፤ ጉዳይዎን በጥንቃቄ መርምረናል፣ ውሳኔው ጸንቷል። ጥንቃቄው ባይታየኝም ፍጥነቱ ያስቀናል።

ከሳሽም አይረሳም። ሪፖርት ባደረጉት ተጫዋች ላይ እርምጃ ወስደናል፣ እናመሰግናለን የምትል መልእክት ትደርሰዋለች። ይህችን ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ ዓይነት አለ። ከሥሯ የእሳትና የጡንቻ ኢሞጂ ይደረደራል። «አንበሳ!» ይሉታል። ሰሞኑን አንድ የዋህ ልጅ እዚያ መሃል ገብቶ «ልጁ ግን ምን አድርጎህ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የቱ?» አለው አርበኛው።