ውሃ ለማየት ፓስፖርት

«ምን ልያዝ?» ብሎ ጠይቆ የተባለውን ትቶ ከሚመጣ ሰው ይሰውራችሁ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ደወለ። «ቅዳሜ ናያግራ እንገናኝ፤ ምን ልያዝ?» ሁለት ነገር ብቻ ነገርኩት፦ ግሪን ካርድና ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት። ሁለቱን የያዘ ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ከናያግራ ፏፏቴ አጠገብ አሜሪካንና ካናዳን የሚያገናኘውን ድልድይ፣ ሬይንቦው ብሪጅን፣ በእግሩ ተሻግሮ ከች ነው።

እሱ ጀበና፣ ረከቦት፣ ከሰልና ምድጃ ጭኖ መጣ። ፓስፖርቱስ? «ውሃ ለማየት ፓስፖርት ምን ያደርጋል ብዬ!» ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። (ይህን ተረት እወደዋለሁ። ለሰርግም ለለቅሶም ስለምጠቀምበት ሚስቴ ሰልችቷታል።)

እኔ ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ፣ ዶሮ ወጡን መኪና ውስጥ ትቼ፣ ከወዲህ ቆሜያለሁ። እሱ ከወዲያ። መሃላችን ገደል። በስልክ እያወራን እጅ ተወዛወዝን፤ ለማን እንዳወዛወዝኩ ግን እግዜር ይወቀው።

«ይኼ ነው እንዴ? ጢስ ዓባይ አይበልጠውም?» አለኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የእኛ ሰው የትም ፏፏቴ ፊት ቢቆም ጢስ ዓባይን ካላነሳ አይሆንለትም። እኔ አንዴ በበጋ ሄጄ አይቼዋለሁ። አቧራ ቅሜ ስደርስ ቋጥኝ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ጠበቀኝ። አስጎብኚው «ውሃው ለመብራት ተወስዶ ነው» አለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ባሕር ዳር ያደርኩት በሻማ ነው። እስካሁን ይቅር አላልኩም!

ናያግራም ቢሆን ይቆነጠራል። በ1950 ሁለቱ አገሮች ተዋውለዋል። በቱሪስት ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ቢያንስ 2,800 ሜትር ኩብ ያህል ይወርዳል፤ ሌሊትና በብርዱ ወራት ግን ግማሹ ይበቃል። የቀረው ወደ ተርባይን። ሁለት አገር ቁጭ ብሎ ውሃ ሲካፈል ማየት ለእኛ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ደግሞ ማታ የቀረችዋን ውሃ በቀለም መብራት ያሳምሯታል። መብራት አላቸዋ!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ፓስፖርት። ፏፏቴውን ፊት ለፊት ማየት ከፈለጋችሁ በካናዳ በኩል ነው። ውሃው አፋፍ ላይ ቆማችሁ ሲያጓራ ለመስማት ደግሞ በአሜሪካ በኩል ጎት አይላንድ የምትባለው ደሴት። እዚያ መግቢያው ነፃ ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል። በጀልባ ስትገቡ ከወዲያ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ከወዲህ ቀይ ያለብሷችኋል።

ማታ ፎቶ ላከልኝ። ጀልባ ሙሉ ቀይ ላስቲክ የለበሰ ሰው፣ አንዱ ላይ ክብ ተሰርቶበታል። «ይኼ አንተ ነህ አይደል?»

አይደለሁም። እኔ መኪና ውስጥ ዶሮዋን እየጨረስኩ ነበር።