የብሪታንያን ሙዚቃ ቤቶች የዘጋቸው ደንበኛው ነው ወይስ ኪራዩ?

በብሪታንያ የገበያ ጎዳናዎች ላይ ሲዲና ዲቪዲ የሚሸጡ፣ ፊልም የሚያከራዩ ትልልቅ ሱቆች በ2007 እና በ2013 መካከል ተራ በተራ ወድቀዋል። ሁለት ተከራካሪዎች በምክንያቱ ላይ አልተስማሙም። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ ደንበኛው ነው የሄደው

በ2004 በብሪታንያ የተሸጠው አልበም ከ160 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የአፕል የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫ አይቲዩንስ በአገሪቱ ሥራ ጀመረ፤ አንድ ዘፈን በ79 ፔንስ። ለሁለት ዘፈን ሲል 10 ፓውንድ ከፍሎ አልበም ይገዛ የነበረ ሰው በ1 ፓውንድ ከ58 ፔንስ ጉዳዩን ጨረሰ። የሙዚቃ ቤቱ ትርፍ የነበረው ደግሞ ገዢው ባልፈለጋቸው በቀሩት ዘፈኖች ውስጥ ነው።

ቪዲዮ ቤቶቹ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ለመከራየት አንዴ፣ ለመመለስ ሌላ ጊዜ መሄድ ግድ ነው፤ ከቀኑ ያለፈ ይቀጣል። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ በጃንዋሪ 2012 በወር 5 ፓውንድ ከ99 ፔንስ እያስከፈለ መጣ። ፊልም አከራዩ ብሎክባስተር 528 ሱቆቹን ይዞ በጃንዋሪ 2013 ወደቀ። አከራይ የለበትም፣ ባንክ የለበትም፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየትን መረጠ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ገዢው በሩ ላይ ነበር

ተከራካሪዬ ከ2004 ተነሥተው 2013 ላይ ሲያርፉ 2008ን ዘለሏት። እኔ እዚያ ልቁም። ልዩ ልዩ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ዉልዎርዝስ 807 ሱቆች ነበሩት፤ ከሱቆቹ ሌላ ግን ኢንተርቴይንመንት ዩኬ የተባለ አከፋፋይ ነበረው። የቀድሞው ቨርጂን ሜጋስቶር፣ ማለትም ዛቪ፣ ሲዲና ዲቪዲውን የሚያገኘው ከዚህ አከፋፋይ ነበር። ሱቁ ዕዳውን ሳይከፍል ቢወድቅ ለአቅራቢው የሚከፍሉት የዱቤ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ሽፋናቸውን ሲያነሡ አቅራቢዎች ዕቃ ከመላካቸው በፊት ገንዘቡን በእጃቸው ፈለጉ። በኖቬምበር መጨረሻ ዉልዎርዝስና አከፋፋዩ አብረው ወደቁ። ዛቪ በቀጥታ ከአሳታሚዎቹ ሊገዛ ቢሞክር የሚመቸው የዱቤ ውል አጣ፤ ዲሴምበር 24 ቀን እሱም ተከተለ። በገና ዋዜማ የጠፋው ገዢ ሳይሆን ዕቃ ነበር።

ቀጥሎ ኪራዩ። በእንግሊዝ የሱቅ ኪራይ በተለምዶ የሦስት ወሩ በቅድሚያ ይከፈላል፤ ቀኖቹ ማርች 25፣ ጁን 24፣ ሴፕቴምበር 29 እና ዲሴምበር 25 ናቸው። በብዙዎቹ የረጅም ጊዜ ውሎች ኪራይ ሲከለስ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ሙዚቃ ቤት የዓመቱን ትርፍ የሚሰበስበው በገና ሰሞን ነው፤ ያንኑ ገንዘብ አከራዩም አቅራቢውም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ትልቁ የሙዚቃ ቤት ኤችኤምቪ ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀው ዲሴምበር 28 ቀን 2018 ነው። እነዚህ ቀኖች እንዲሁ የተገጣጠሙ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ቫት ነው። ከብሪታንያ የግብር ክልል ውጭ ከሆኑት ከጀርሲና ከገርንዚ ደሴቶች በፖስታ የሚገባ እስከ 18 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ቫት አይከፈልበትም ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሲዲውን ከብሪታንያ በጅምላ ወደ ደሴቱ ይጭኑታል፣ እዚያ አንድ በአንድ አሽገው ለዚያው ለብሪታንያ ገዢ መልሰው ይልኩታል። ቫት 17.5 በመቶ በነበረ ጊዜ፣ በ9 ፓውንድ ከ99 ፔንስ በሚሸጥ ሲዲ ውስጥ 1 ፓውንድ ከ49 ፔንሱ የመንግሥት ነው። የጎዳናው ሱቅ ይህንንም ኪራዩንም ከፍሎ ከደሴቱ ሻጭ ጋር በዋጋ ተወዳደር ተባለ። ቀዳዳው የተደፈነው ኤፕሪል 1 ቀን 2012 ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ፦ የሂሳቡ ሥር

የደሴቶቹን ነገር ካነሡ አይቀር፣ ኤችኤምቪ ራሱ የኢንተርኔት ሽያጩን ከገርንዚ ይልክ እንደነበር መጨመር ነበረባቸው። የቀዳዳው ተጠቃሚም ወድቋል።

እኔ ከቫቱ ይልቅ ሱፐርማርኬቶቹን ቴስኮንና አስዳን እጠራለሁ። የሙዚቃ ቤት ሂሳብ የሚሠራው በሳምንት የሚያልቀው አዲስ አልበም፣ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ የሚሸጠውን የጃዝና የክላሲካል መደርደሪያ ወጪ ሲሸፍንለት ነው። ሱፐርማርኬት ፈጣኑን ብቻ መርጦ፣ ዋጋውን ሰብሮ፣ ከዳቦና ከወተት ጎን አስቀመጠው። ለሙዚቃ ቤቱ ዘገምተኛው ቀረ። ያንን መደርደሪያ ሲያሳጥረው ደግሞ ወደ እሱ የሚያስኬድ ምክንያት ጠፋ። ሌብነቱም አለ፦ ውጭ ባዶ ሽፋን ይደረደራል፣ ዲስኩ ከባንኮኒው ጀርባ ይቀመጣል፤ ገዢ በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ዲስኩን ፈልጎ ከሽፋኑ ጋር ማገናኘት አለበት። በገና ሰሞን ሰልፉን የሚያስረዝመው አንዱ ይኸው ነው።

ሸክላ ተመለሰ ይሉኝ ይሆናል። ተመልሷል፤ በ2023 ወደ 5.9 ሚሊዮን ተሽጧል። ሲዲ በዚያው ዓመት 11 ሚሊዮን አልሞላም። ሁለቱ ተደምረው የ2004ን አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናሉ። የዛሬው ኤችኤምቪ ገብተው ቲሸርቱንና አሻንጉሊቱን ይቁጠሩ፤ ኪራዩን ማን እየከፈለ እንደሆነ ይታይዎታል።

ሁለተኛው ተከራካሪ፦ ወጪው ሲቀንስ ምን ሆነ?

ቲሸርት መሸጥ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ይልቅ የኦክስፎርድ ጎዳና ቁጥር 363ን እንይ፤ በ1921 የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ኤልጋር የመረቁት የኤችኤምቪ የመጀመሪያ ሱቅ። በ2019 ኤችኤምቪን የገዛው የካናዳው ሰንራይዝ ሬከርድስ ከ127 ሱቆች 100 ብቻ ወሰደ፣ ኪራይ እንደገና ተደራደረ፣ ምን ይታዘዝ የሚለውን ለየሱቁ ኃላፊዎች ለቀቀ። 363 ያኔ ከተዘጉት አንዱ ነበር። ቦታው የከረሜላ መሸጫ ሆኖ ቆይቶ በኖቬምበር 2023 ተመልሶ ኤችኤምቪ ሆነ፤ የንግድ ቤት ግብሩም ከቀድሞው ቀልሎ ነበር። ሰዉ በእነዚያ ዓመታት ሙዚቃን በስልኩ መስማት አልተወም፤ እንዲያውም ጨመረ። ሱቁ ግን ተከፈተ።

ሸክላ ላይ የምሰጋው ለገዢው አይደለም፣ ለግዢ ውሉ ነው። ከ2008 ጀምሮ በየዓመቱ በሚከበረው የሙዚቃ ቤቶች ቀን፣ ሬከርድ ስቶር ዴይ፣ የሚወጡት ልዩ እትሞች ካልተሸጡ ለአቅራቢው አይመለሱም። ከመሸጫው ዋጋ 30 በመቶ የሚያተርፍ ትንሽ ሱቅ አሥር አዝዞ ሦስት ቢቀሩበት ትርፉ ዜሮ ነው፤ አራት ከቀሩበት ከኪሱ ከፈለ። ሰልፍ በሩ ላይ እያለ መክሰር ይቻላል የምለው ለዚህ ነው።

ቪዲዮ ቤቶቹን ግን ይውሰዷቸው። አንድ ፊልም ለአንድ ሌሊት ለማየት ሁለት ጊዜ መመላለስን የኪራይ ቅናሽ አያድነውም።