ጸራቢው የማርያም ልጅ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን እሑድ ጠዋት ከነጠላው ሥር የሥራ ዩኒፎርም ማየት የተለመደ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ቅዳሴ የሚገባ ብዙ ነው። ኅዳር ሚካኤል ረቡዕ ቢውል እንኳ ንግሡ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይዛወራል። ሚካኤል ተቀየመኝ ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አገር ቤት፣ በተለይ ገጠር፣ በየወሩ 12 ለሚካኤል፣ 21 ለማርያም፣ 29 ለበዓለ ወልድ እየተባለ ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል። ደፍሮ ያረሰ ካለ በረዶ በጣለ ቁጥር በእሱ ይመካኛል። “ስድስት ቀን ሥራ” የሚለው ቃል ግን ያው ሰንበትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ውስጥ ነው ያለው። (እኛ ደግሞ እዚህ ሰባተኛውን ቀን ለትርፍ ሰዓት ሸጠነዋል።)

በዓሉን ብቻ መውቀስ ግን አይሆንልኝም። የገጠር ቄስ ቀድሶ ሲያበቃ በማግስቱ በሬውን ጠምዶ ያርሳል፤ ማንም አይንቀውም። የሚናቀው ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ነው። የምንሳለመውን መስቀል ማን ቀጠቀጠው? ነጠላውንስ ማን ሸመነው? ሰባኪዎቻችን ስለ ሥራ ሲነሣ “ሊሠራ የማይወድ አይብላ” ወደሚለው ይሮጣሉ። ጥቅሱ ሰነፉን ይገሥጻል፤ ሠራተኛን የሚንቀውን አይነካውም። እሱን የሚነካው ማርቆስ 6 ነው፤ የናዝሬት ሰዎች “ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ” አይደለምን ብለው በጌታ የተሰናከሉበት፤ ጸራቢ ማለት አናጢ ነው። ጳውሎስም ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን ዘልቆ እኛ ዘመን ደርሷል።

አሜሪካ ስንገባ ንቀቱ የለቀቀን ይመስላል። ባለ ዲግሪው ታክሲ ይነዳል፣ መምህር የነበረችው አረጋውያን ታጥባለች፣ ማንም አያፍርም። እኔ ግን የዳንን አይመስለኝም፤ የሚያውቀን ሰው ስለማያየን ነው። አገር ቤት ሲደወል ብዙዎቻችን “ቢሮ ነኝ” እንላለን። የእህታችን ልጅ እንጨት ሥራ ልማር ያለ እንደሆነ እናቱ “ሰው ምን ይለኛል?” ብላ እኛው ጋ ትደውላለች። መልሳችንም የታወቀ ነው፦ “ተይ እባክሽ፣ የግል ኮሌጅ አስገቢው፣ ክፍያውን እኔ እልካለሁ።” የሚላከው ገንዘብ የሆቴል ክፍል ተጠርጎበት የተገኘ ነው።