ለቱሪስት የሚከፈት፣ ለጎረቤት የሚዘጋ ድንበር

ኡጋንዳ ሄጄ ጎሪላ ልይ ለሚል ሰው ምክሬ ሁሌም አንድ ነው፣ ትኬቱን ወደ ኡጋንዳው አየር ማረፊያ ኢንቴቤ ሳይሆን ወደ ሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ ቁረጡ። ከኢንቴቤ ጎሪላዎቹ እስካሉበት ብዊንዲ ጫካ ድረስ በመኪና ሙሉ ቀን ነው የሚፈጀው፣ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጦ ወገብ ማለቅ ነው ትርፉ። ከኪጋሊ ግን በጠዋት ከተነሳችሁ ሙሳንዜ ከተማን አልፋችሁ በቻኒካ ድንበር ትሻገሩና ምሳችሁን ኡጋንዳ ውስጥ ኪሶሮ ከተማ ትበላላችሁ፣ የብዊንዲ ደቡባዊ ክፍል ሩሻጋ ደግሞ ከዛ ወዲያ ሩቅ አይደለም።

የዋጋው ነገርም አለ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የጎሪላ ፐርሚቷን፣ ማለትም ጎሪላ የማያ ፈቃዷን፣ ከ750 ዶላር ወደ 1500 በአንዴ እጥፍ አደረገችው። ኡጋንዳ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ለውጭ ቱሪስት 800 ነው የምታስከፍለው፣ ለአፍሪካዊ ደግሞ ቅናሽ አላት። የሚታየው ያው የተራራ ጎሪላ ነው፣ የሚሰጣችሁም ያው አንድ ሰዓት ነው፣ አንዱን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ስምንት ቱሪስት ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ስንቱ ፈረንጅ በሩዋንዳ አስፋልት መጥቶ ፐርሚቱን ኡጋንዳ ይገዛል። ሩዋንዳን አስወደደች ብዬ ግን አልወቅሳትም፣ ዋጋውን በጨመረችበት ጊዜ ከፓርኮቿ ገቢ ለአካባቢው ህዝብ የምትሰጠውን ድርሻም ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች። በኮንጎ በኩል ይረክሳል የሚላችሁን ደግሞ እንዳትሰሙ፣ ኪሶሮ አጠገብ ያለችውን የኮንጎ ድንበር ከተማ ቡናጋናን ኤም 23 የሚባለው አማፂ ቡድን ከያዛት ከ2022 ጀምሮ ያ መንገድ የቱሪስት መንገድ መሆኑ ቀርቷል።

ቻኒካ ትንሽ ድንበር ናት። ሩዋንዳ በኩል መስኮቱ ጋ የመውጫ ማህተም ታስመታላችሁ፣ ትንሽ በእግራችሁ ትሄዱና ኡጋንዳ በኩል ደግሞ የመግቢያ፣ ሾፌሩ እስከዛ የመኪናውን ወረቀት ይዞ ሲሯሯጥ ነው። ሁለት ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል፣ አንዱ የእናንተ የቢጫ ወባ ክትባት፣ ሌላው በአባል አገሮች ድንበር የሚያሻግረው የመኪናዋ የኮሜሳ ኢንሹራንስ፣ አንዱ ቢጎድል እዛው ናችሁ። እስከ ኬላው በቀኝ የመጣችው መኪና ከኬላው በኋላ በግራ ትነዳለች፣ ሰዓታችሁም አንድ ሰዓት ወደፊት ሄዶ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ይሆናል። ስትመለሱ ፌስታል እንዳትይዙ፣ ሩዋንዳ ከ2008 ጀምሮ ከልክላዋለች፣ ቦርደር ላይ ይወስዱባችኋል።

ለቱሪስት እንግዲህ ነገሩ ይሄን ያህል ቀላል ነው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በ100 ዶላር ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን የሚያዞር የጋራ ቪዛ አለ። የሚያበሽቀኝ ሌላው ነው። የኪሶሮ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ከኪንያርዋንዳ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ዘመዱ ወዲያ ማዶ ነው፣ ገበያው ወዲያ ማዶ ነው፣ መስመሩን ያሰመሩት እንግሊዝ፣ ጀርመንና ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ1910 ብራሰልስ ላይ ተቀምጠው ነው። በወረቀት ይሄ ሰውዬ በመታወቂያ ብቻ መሻገር ይችላል። ግን የካቲት 2019 ላይ ኪጋሊና ካምፓላ ሲኳረፉ ሩዋንዳ ጋቱና የሚባለውን ሌላውን የድንበር ኬላ ለጭነት መኪና ዘጋች፣ ዜጎቿንም ወደ ኡጋንዳ እንዳይሻገሩ ከለከለች፣ ከዛ ኮሮና ተጨመረበትና ጋቱና እስኪከፈት ጥር መጨረሻ 2022 ደረሰ። ኮሮና እስኪመጣ ድረስ ፈረንጁ ባለ ዶላር ጎሪላውን አይቶ ይመለስ ነበር፣ እህቷ ማዶ ያገባችባት ሴትዮ ግን በቃ ቀረች። የዛላምበሳን በር መከፈትና መዘጋት ያየ የኛ ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሳቢንዮ ተራራ ነው። ሶስቱ አገሮች ጫፉ ላይ ይገናኛሉ፣ ከኡጋንዳው ምጋሂንጋ ፓርክ ከፍሎ የወጣ ቱሪስት አናቱ ላይ ቆሞ ያለ ተጨማሪ ቪዛ ሶስት አገር ረግጦ ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል። የምጋሂንጋ ጎሪላዎችም ቢሆኑ ሲያሰኛቸው ሩዋንዳ ይገባሉ፣ ሲያሰኛቸው ይመለሳሉ፣ ማንም ህገወጥ አላላቸውም። ጥበቃው በጋራ ስለሆነም ነው በ2018 በተገለጸው ቆጠራ ቁጥራቸው ከ1000 አልፎ፣ አደጋው በጣም ከከፋባቸው እንስሳት ዝርዝር አንድ ደረጃ የወረዱት። ለእንስሳ ይሄን ያህል መስማማት የሚችል መንግስት ድንች ተሸክማ ለምትሻገር ሴት ለምን ያቅተዋል? የጋራ ቪዛውን ሲፈራረሙ የአካባቢው ሰው ማለፊያ በፖለቲካ ኩርፊያ ሊቋረጥ አይችልም የሚል አንድ አንቀፅ አብረው ማሰር ነበረባቸው፣ አሁንም አልረፈደም። ቱሪስቱ የሚያልፍ ከሆነ እሷም ትለፍ፣ እሷ ካላለፈች ቱሪስቱም አይለፍ፣ ያኔ ስንት ቀን ዘግተው እንደሚቆዩ እናያለን።

ይሄ ማለት ግን አትሂዱ ማለት አይደለም፣ ሂዱ፣ በዛው መንገድ ሂዱ። ብቻ ድንበሩን እንደተሻገራችሁ ኪሶሮን በመስኮት አይታችሁ ወደ ሎጅ አትብረሩ፣ አንድ ሌሊት እደሩባት፣ ከገበያው ግዙ። ጫካው በር ላይ ደግሞ ፖርተር፣ ቦርሳ ተሸካሚ፣ ያዙ፣ ቦርሳችሁ ባይከብድም ያዙ። ክፍያው ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጭቃው ላይ ስትንሸራተቱ እጃችሁን ይዞ የሚያወጣችሁም እሱ ነው።